ጽፎ ማጣት እስከ መቼ?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ ተማሪዎች ይህን ምሳሌ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው፣ በየድርሰታችንም መግቢያ ላይ ስናሰፍረው ኖረናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ምሳሌው በእኛ ዘንድ አልሠራም። ጽፈናል፤ ነገር ግን የወረሰን የለም። ጽፈናል፤ ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ እኛው ጸሐፊዎቹ የጻፍነውን ልናገኘው አልቻልንም። ጽፎ ማጣት ካለመጻፍ ይብሳል። ያልጻፈ ሰው በእጁ ምንም እንደሌለ ያውቃልና ይጠይቃል፤ ጽፎ ያጣ ሰው ግን «ይዤዋለሁ» እያለ ይተኛል።

ይህን ማመን የሚያዳግተው ሰው ቢኖር ዛሬ ማታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ራሱን ይፈትን። ባለፈው ዓመት ከተማራቸው ትምህርቶች አንዱን ይምረጥና የጻፈውን ማስታወሻ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፈልጎ ያውጣ። መልሱን ከወዲሁ እናውቀዋለን። «ሻንጣ ውስጥ መሆን አለበት።» «ለአንድ ልጅ አውሼው አልመለሰልኝም።» «ከሌላ ደብተር በስተኋላ ጽፌው ነበር፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ።» «በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼዋለሁ፤ ግን ስልኩን ቀየርኩት።» የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን? በየዓመቱ ደርዘን ደብተር እየጨረስን፣ አንድ ነገር ስንጠየቅ ተመልሰን በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያንኑ የራሳችንን ትምህርት በገንዘብ እንገዛለን።

ይህን ስንል ራሳችንን ከሌላው ለይተን ንጹሓን ነን ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የራሳችን ጥፋት ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን እንናዘዝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ትምህርት በተሰጠን የቡድን ሥራ አራት ሆነን ስለ ብራናና ስለ ቀለም አሠራር ለማጥናት ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄድን። በዚያም አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራቸውን ትተው አስተማሩን። የፍየሉ ቆዳ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ እንዴት እንደሚወጠርና እንደሚፋቅ፣ መቃው እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል እንዴት እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ ተቀምጦ በየስንት ቀኑ እንደሚታሽ አንድ በአንድ ነገሩን። «ልጆቼ፣ ጻፉት እንጂ፤ ከእኔ ዘንድ የቀረ ደቀ መዝሙር የለም» አሉን። እኛም ጻፍን። አንዳችን በኢኮኖሚክስ ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ አንዷ እኅታችን በተባዛ ወረቀት ጀርባ፣ የቀረነው ሁለታችን ደግሞ በስልክ። ተመልሰን ለመምህራችን ስምንት ገጽ አቀረብን፤ ጥሩ ውጤትም አገኘን። ከዚያ በኋላ ማስታወሻዎቹ ወዴት እንደደረሱ የጠየቀ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፉ ሊያደርገው ቆረጠና «ማስታወሻዎቻችንን እንሰብስብ» አለ። ፍለጋ ተጀመረ። የኢኮኖሚክሱ ደብተር ፈተናው ካለፈ በኋላ ለባለ ሱቅ ተሰጥቶ የስኳር መጠቅለያ ሆኗል። ከሁለቱ ስልኮች አንዱ ታክሲ ውስጥ ተሰርቋል። በሁለተኛው ስልክ ከስድስት ሺህ የሚበልጥ ፎቶግራፍ አለ፤ ሁሉም ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ከብዙ ድካም በኋላ የተገኘው የእኅታችን ወረቀት ነበር። በራስጌው «ማክሰኞ» ይላል። የየትኛው ወር፣ የየትኛው ዓመት ማክሰኞ እንደሆነ ግን አይልም። የተናገሩት ሰው ስም የለበትም። ስለ ቀለሙ ከሚናገረው ቦታ ላይ ስንደርስ እንዲህ የሚል አገኘን፤ «ከዚያኛው ቅጠል ጋር ይወቀጣል። ያለ እሱ ቀለሙ ይለቃል።»

ከየትኛው ቅጠል? በዚያች ዕለት ቅጠሉ በፊታችን ነበር፤ መሪጌታው በእጃቸው ይዘውት ነበር። ስለዚህ «ያኛው» ማለት የሚበቃ መሰለን። ለመጠየቅ ወደ ደብሩ ስንደውል መሪጌታው ካረፉ ሰባት ወር እንዳለፋቸው ተነገረን።

«ይህ የአራት ቸልተኞች ታሪክ ነው፤ ማስታወሻ የግል ጉዳይ ስለሆነ ሌላውን አያገባውም» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ደግሞ ያገባዋል እንላለን። መሪጌታው ሦስት ቀን የደከሙት ለእኛ ውጤት ሲሉ አልነበረም፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብለው ነው። ያ ሰው በእኛ በኩል ሊያልፍለት የሚገባውን ነገር እኛ ከበሩ ላይ መለስንበት። የሌላ ሰው ዕውቀት የተጻፈበት ወረቀት ሙሉ በሙሉ የግል ሊሆን ከቶ አይችልም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት አንድ የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጸም ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜአቸውን ሙሉ ደክመውበት፣ መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ ዐረፉ። አደራውን ተቀብለው ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሲሆኑ፣ መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ትውልድ፣ አንድ ሥራ! እስቲ እንጠይቅ፤ ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያው ሰው ወረቀት ላይ «ያኛው ቃል» የሚል ብቻ ቢያገኝ ኖሮ፣ ሦስተኛውም የሁለተኛውን ጽሑፍ ከስኳር መጠቅለያ መካከል መልቀም ቢኖርበት ኖሮ፣ ዛሬ ይህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እናገኘው ነበርን?

ይህ መጽሐፍ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ተማሪ ግራ ይጋባል፤ ቃላቱ የተደረደሩት በለመድነው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ተራ ነውና። ነገር ግን ተራው አንድ ጊዜ ከታወቀ ማንም ሰው የፈለገውን ቃል ያገኛል። ስለዚህ የትኛውም ሥርዓት ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሥርዓት ማለት አንድ ሰው የመረጠው፣ በመረጠውም የጸና፣ ለሌላውም የገለጸው መንገድ ነው። የእኛ ጉድለት የተሻለውን ሥርዓት አለማወቃችን አይደለም፤ ማናቸውንም አለመምረጣችን ነው።

«እኔስ በልቤ ይዤዋለሁ» የሚለውን ወንድማችንንም አንለፈው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በቃሉ ይይዛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እሱ የተማረውን በየሌሊቱ እየቀጸለ፣ ከመምህሩ ፊት እየተነሣ፣ ተራውን ጠብቆ ነው የያዘው። የእሱ ልብ ከእኛ ደብተር ይልቅ ሥርዓት አለው። እኛ ቅጸላውን ትተናል፤ በምትኩ የመጣውን መዝገብ ደግሞ አልያዝንም። በሁለት ዛፍ የሚንጠለጠል እንዲሉ፣ ከሁለቱም ሳንሆን በመካከሉ ወድቀናል።

ከዚህ የሚከተለው ማመካኛ የዘመኑ ነው። «ስልክና ኮምፒዩተር ባለበት ዘመን ምን ሥርዓት ያስፈልጋል? ቃሉን ጽፈህ ፈልግ ስትለው ያመጣልሃል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ወገኖቻችን አማርኛ ፈልገው የሚያውቁ አይመስሉንም። «ሐሳብ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሃሳብ» ብሎ ቢፈልግ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች «የለም» ብለው ይመልሱታል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ ጆሮ አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። አንድ ተማሪ በአንድ ገጽ ውስጥ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት ፊደል ሲጽፍ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ የተጻፈውን መሣሪያ እንዲያገኝለት መጠበቅ፣ ወንድሙን በሦስት ስም ጠርቶ ለምን አልመጣህም ብሎ እንደ መቆጣት ነው። የጥቁር ሰሌዳውን ፎቶግራፍ አንሥቶ መሄድማ ከዚህም ይብሳል። ፎቶግራፍ ሥዕል ነው፤ ስም ካልተሰጠው በቀር በፈላጊው ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዘመን አቈጣጠሩን ጉዳይ ደግሞ እንመልከት። እኛ የምንኖረው በሁለት አቈጣጠር ነው። በደብተራችን ላይ «2015» ብለን ስንጽፍ የኢትዮጵያን ማለታችን ይሁን የአውሮፓን ከዓመት በኋላ ማን ያውቃል? በመካከላቸው ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ለታሪክ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እኛ «ጠዋት በሦስት ሰዓት» ያልነውን ስልካችን ዘጠኝ ይለዋል። ይህን ሁሉ አንድ ፊደል ትፈታዋለች፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ብቻ ነው። አንድ ፊደል ለመጻፍ የሰነፈ ሰው መሣሪያ ምን ያደርግለታል?

ፋይሎቻችን የተሰየሙበትንም ስም ብናነብ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። «የመጨረሻ»፤ ከሥሩ «የመጨረሻ ሁለት»፤ ከሥሩ ደግሞ «አሁን የእውነት የመጨረሻ»! በቴሌግራም የምንለዋወጣቸው መቶ ፋይሎች «ምዕራፍ አንድ» ይባላሉ። የየትኛው ትምህርት፣ የየትኛው መምህር፣ የየትኛው ዓመት ምዕራፍ አንድ ነው? ልጁን ሁሉ «ልጅ» ብሎ የሰየመ አባት ማንን ይጠራል?

በአንጻሩ ደግሞ በሥርዓት ስም የሚጫወቱ አሉ። እነዚህ በየሴሚስተሩ አዲስ ፕሮግራም ስልካቸው ላይ ይጭናሉ፤ ባለ አምስት ቀለም እስክሪብቶ ይገዛሉ፤ አርእስቱን በሐረግ ያስጌጣሉ፤ ማስታወሻው ግን ከሦስተኛው ሳምንት አያልፍም። ኒክላስ ሉማን ስለተባለው ጀርመናዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሲናገሩ አፋቸው አይደክምም። ሰውየው በ1998 እ.ኤ.አ. እስከ ሞተበት ዘመን ድረስ 90,000 ያህል የማስታወሻ ካርዶች ማከማቸቱ እውነት ነው። እያንዳንዱን ካርድ በቁጥር ሰይሞ፣ አንዱን ካርድ ወደ ሌላው እየጠቆመ፣ ከእነዚያ ካርዶች በርካታ መጻሕፍት ማውጣቱም እውነት ነው። ነገር ግን አድናቂዎቹ የሚረሱት፣ ሰውየው ይህን ያደረገው ከ40 ዓመት በላይ በዚያው በአንዱ ዘዴ ጸንቶ፣ በወረቀትና በእንጨት ሣጥን መሆኑን ነው። ፕሮግራሙን የጫነ ሁሉ ሊቅ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ግቢያችን በሊቃውንት በተጨናነቀ ነበር።

ደግሞስ የማግኛ ዘዴ ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣ አድርጎ ማየት ለምን አስፈለገ? ከአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግእዝ ወንጌላት በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደተዘጋጁ ሊቃውንት ብራናውን መርምረው ይናገራሉ። በእነዚህ መጻሕፍት መግቢያ ላይ በአዕማድ ተከፍለው፣ በቀለም አጊጠው የሚታዩት ሠንጠረዦች ለጌጥ ብቻ የተሣሉ አይደሉም። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው 10 የማግኛ ሠንጠረዦች ናቸው። ወንጌላቱ በትንንሽ ክፍል ተከፍለው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በማቴዎስ የተነገረው ነገር በማርቆስ፣ በሉቃስ ወይም በዮሐንስ የት እንደሚገኝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በሠንጠረዡ ላይ ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። በአራቱም ያለው ለብቻ፣ በሦስቱ ያለው ለብቻ፣ በአንዱ ብቻ ያለው ለብቻ ሰፍሯል። አርእስቱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም መጻፍም እንዲሁ ለዓይን መንገድ መምራት ነው። እንግዲህ እነዚህ ጸሐፍት መብራትና ወረቀት በሌለበት ዘመን፣ የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ አንባቢው እንዳይጠፋበት ይህን ያህል ተጨንቀዋል። እኛ ግን የደብተራችንን ገጽ ቁጥር መስጠት እንኳ ታከተን!

አሁን ደግሞ፣ አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ መምህራኖቻችን እንመለስ። ከእጃችሁ የምንቀበላቸው ሃንዳውቶች አብዛኛውን ጊዜ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰዱ አይናገሩም፤ ገጻቸውም ቁጥር የለውም። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆነው ከዓመት ዓመት ሲተላለፉ ዳር ዳሩ ተቈርጦ አረፍተ ነገሩ በመካከል ይቀራል። ያንኑ ቃል በቃል መልሶ ለጻፈ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ታዲያ ተማሪው ማስታወሻውን ከፈተና በኋላ ለባለ ሱቅ ቢሰጥ ለምን ይፈረድበታል? ማስታወሻ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ነገር መሆኑን ያስተማረው ማን ነው? በአራት ዓመት የትምህርት ጊዜ ውስጥ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ አንድ ሰዓት ያስተማረን መምህር ብናገኝ በደስታ በጠራነው ነበር። እኛ አራቱ ስምንት ገጽ ስናቀርብ «ማስታወሻዎቹን አሳዩኝ» የሚል አንድ ቃል ቢመጣ ኖሮ፣ ቅጠሉ ስም የለሽ መሆኑ መሪጌታው በሕይወት ሳሉ በታወቀ ነበር።

ድህነታችንን ማመካኛ ለማድረግም አንፈልግም። በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን እንደምናድር፣ መደርደሪያ እንደሌለን፣ ንብረታችን ከአልጋ በታች ባለ ሻንጣ እንደሚወሰን ማንም ያውቃል። ነገር ግን በገጽ ላይ ቁጥር መጻፍ መደርደሪያ አይጠይቅም፤ ስም መጻፍም ገንዘብ አያስወጣም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተሉትን በራሳችን ላይ ደንግገናል፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም እንዲከተሉን እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ በማንኛውም ማስታወሻ ራስጌ ቀኑን ከነዓመቱና ከነአቈጣጠሩ፣ ቦታውን፣ የተናገረውን ሰው ወይም የመጽሐፉን ስምና ገጽ ሳንጽፍ ወደ ሁለተኛው መስመር አንወርድም።

ሁለተኛ፤ «ይህ»፣ «ያኛው»፣ «ከላይ የተባለው» የሚሉትን ቃላት ከማስታወሻችን እናስወጣለን። ነገሩን በስሙ እንጠራዋለን። ከአንድ ዓመት በኋላ ማስታወሻውን የሚከፍተው ሰው፣ እኛው ራሳችን ብንሆን እንኳ፣ በዚያች ዕለት ያልነበረ እንግዳ ሰው ነውና።

ሦስተኛ፤ ለአንድ ትምህርት አንድ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር፣ ከፊት ሁለት ቅጠል ለማውጫ። ማውጫው በየሳምንቱ መጨረሻ ይሞላል። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያው ግማሽ ሰዓት የማያስፈልገውን ወረቀት ለይቶ መጣል ያስፈልጋል፤ ሁሉን ያከማቸ ሰው ምንም እንደማያገኝ አይተናልና።

አራተኛ፤ በስልክና በኮምፒዩተር የምናስቀምጠው ሁሉ በዚያው ቀን ስም ይሰጠዋል። በስሙ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ በሁለት በሁለት አኃዝ፣ በመጨረሻም ጉዳዩ ይጻፋል፤ እንዲህ ከሆነ መሣሪያው በራሱ በተራ ይደረድረዋል። ፊደሉን በተመለከተ እያንዳንዳችን አንዱን አጻጻፍ መርጠን እንጸናበታለን። ቅጂው ደግሞ በሁለት ቦታ ይኖራል፤ ሌባ ሁለቱንም በአንድ ቀን አይወስድምና።

አምስተኛው ጥያቄ የሚመለከተው ይህን ጋዜጣ የሚያወጣውን የራሳችንን ኅብረት ነው። በየዓመቱ አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ ካለፈው ኮሚቴ የሚረከበው ማኅተምና ባዶ ሣጥን ነው። ያለፈው ኮሚቴ ከአስተዳደሩ ጋር ምን እንደተነጋገረ፣ ስለ ምግብና ስለ መኝታ ምን ቃል እንደተገባልን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ቢጠየቅ «ያኔ ጸሐፊ የነበረው ልጅ ተመርቋል» ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ እንጠይቃለን፤ ያንኑ ቃል እንደ አዲስ ተቀብለን እንመለሳለን። ወረቀቱን ያልያዘ ጠያቂ፣ ወረቀቱን በያዘ መላሽ ፊት ምን ኃይል አለው? ኅብረቱ ቃለ ጉባኤዎቹን ቁጥርና ማውጫ ሰጥቶ በአንድ ቁም ሣጥን እንዲያስቀምጥ፣ ተመራቂዎችም ወደው የሚተዉትን የመስክ ማስታወሻ የሚቀበልበት አንድ መዝገብ እንዲከፍት እንጠይቃለን። መልሱንም በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።

ለቅጠሉ ያደረግነውን ደግሞ እንናገር። ሌላ ደብር ሄደን ሌላ ጸሐፊ ጠይቀናል፤ እሳቸውም የራሳቸውን ቀለም አሠራር በቸርነት ነግረውናል። ስሙን፣ ቀኑን፣ ቦታውን ጽፈናል፤ ቅጠሉንም ከወረቀቱ ጋር አድርቀን አስቀምጠናል። ነገር ግን ይህ የእሳቸው ቀለም ነው። የእኛ መሪጌታ ይጠቀሙበት የነበረው ያው ይሁን ሌላ፣ የሚነግረን ሰው የለም። በእኅታችን ወረቀት ላይ «ያኛው» ከሚለው ቃል አጠገብ ባዶ ቦታ ትተናል። በዚያ አካባቢ የተወለደ፣ ከመሪጌታው ጋር የነበረ፣ ወይም ከእሳቸው የሰማ ተማሪ ካለ ወደ ኅብረቱ ጽሕፈት ቤት እንዲመጣ እንለምናለን። ሲመጣም እባካችሁ የቅጠሉን ስም በቃሉ ነግሮን አይሂድ፤ ይጻፍልን፣ ቀኑንም ይጨምርበት።

ከቀለም ጥናት ቡድን አራት ተማሪዎች